ከመስከረም እስከ ግንቦት፦ አዲሱ ማውንቴን ሳይክሌ እንጦጦ ላይ

ማውንቴን ሳይክል ልግዛ ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሌም የሚጀምረው ከክብደቱ ነው። ስንት ኪሎ ነው? ስንት ማርሽ አለው? አንድ በጋ ሙሉ እንጦጦ ላይ ከነዳሁ በኋላ የእኔ ጥያቄ ሌላ ሆኗል። ጎማው ሲተነፍስ ማን ይነፋዋል? ፍሬኑ ሲላላ ዘይቱን ከየት አመጣለሁ? እዚህ አገር ሳይክል የሚለካው በዚህ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። ፍሬሙ አሉሚኒየም ነው። ጎማው 29 ኢንች። ከፊት በአየር የሚሠራ፣ 120 ሚሊ ሜትር የሚረግብ አሞርዛተር አለው፤ ከኋላ የለውም። ፍሬኑ ዲስክ ሆኖ በዘይት ነው የሚሠራው። ማርሹ ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ዲኦሬ ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ 12። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው። ካርቶኑ ከነሳይክሉ 23 ኪሎ ስላልሞላ እንደ አንድ ሻንጣ ተቆጠረለት። የአምራቹን ስም አልጠራም። በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ሁሉ የሚገጠምላቸው ዕቃ ተቀራራቢ ነው፤ የማወራውም ስለ ዕቃው ነው።

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከግቢ ስወጣ ጀምሮ ዳገት ነው። ከተማችን በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ይጠጋል። 3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጅ እየሳቀ የሚወጣውን ዳገት አይታችሁ አትፍረዱ፤ እሱ ሳንባው ሙሉ ነው።

ዳገቱን እንድወጣ ያደረገኝ የኋላው ትልቁ ማርሽ ነው። 51 ጥርስ አለው፤ ፔዳሉ ጋ ያለው 32 ነው። አንድ ጊዜ ፔዳል ሳዞር ሳይክሉ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሄድም። በሰከንድ አንዴ ባዞር በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ያው የእግረኛ ፍጥነት ማለት ነው። ግን አልወርድም። ድሮ በነበረኝ ሳይክል ግማሹን መንገድ እየገፋሁ ነበር የምወጣው። አሁን ቁጭ ብዬ፣ እያለከለክሁ ቢሆንም፣ እደርሳለሁ። ልምምድ ላይ ያሉ አትሌቶች በሩጫ ያልፉኛል። ያንን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ነው። ሁሌ ቆሜ ነው የማሳልፋቸው፤ ያ ሁሉ ሸክም ያለበት ሰው መንገድ ሊለቅልኝ አይገባም። አንዷ አንድ ቀን ቀና ብለው አዩኝና “ልጄ፣ እኔስ ቸግሮኝ ነው፤ አንቺን ምን ነካሽ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የገንዘቤን ዋጋ ያገኘሁት ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን አስፋልት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ረጅም ነው፣ ኩርባ አለው፣ ከኩርባው ጀርባ ደግሞ ወይ አህያ አለ ወይ ሚኒባስ። በድሮው፣ ጎማ ቸርኬውን ቆንጥጦ በሚይዘው ፍሬን እጄ እስኪደነዝዝ ነበር የምጨብጠው። በዘይት የሚሠራው አንድ ጣት ይበቃዋል። ትንሽ ነካ ታደርገዋለህ፣ ትንሽ ይይዛል፤ ጠበቅ ስታደርገው ቀጥ ይላል። ጭቃም ሆነ ዝናብ ጠባዩን ብዙም አይለውጠውም። ብር ቢያጥራችሁ ከሌላው ሁሉ ቀንሱ፣ ከፍሬኑ ግን እንዳትቀንሱ።

የፍሬን ሸራው ግን ያልቃል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። መስከረም ላይ መሬቱ ገና ክረምቱን አልጨረሰም። ጭቃውና አሸዋው ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ሸራውን ይፈጨዋል። የመጀመሪያዎቹ ሸራዎች ገና አደይ አበባው ሳይረግፍ አለቁ። ከወንድሜ ጋር ትርፍ አብሮ ባይመጣልኝ ኖሮ ወቅቱ እዚያው ያበቃ ነበር።

ዘይቱ ሌላ ታሪክ ነው። ፍሬኔም የሺማኖ ነው፤ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ ከተጨመረ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያበላሻቸዋል። ይህን የምነግራችሁ ለጥንቃቄ ነው። ፍሬኑን አየር ገብቶበት ሲላላ ይዤ የሄድኩበት አንድ ጋራዥ ባለሙያው የመኪናውን ዘይት ከፍቶ ሊያንቆረቁር ነበር። “ኧረ ተው” ስለው “ያው ዘይት ዘይት ነው እኮ እቱ” አለኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። “ያው ሽሮፕ ሽሮፕ ነው” ቢሉኝ እንደምደነግጠው ደነገጥኩ። ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ። በኋላ ከሥራ ቦታዬ በወሰድኩት አዲስ ሲሪንጅና ባስመጣሁት ትክክለኛ ዘይት ቤቴ ሠራሁት። ሲሪንጁን ከፍዬበታለሁ፣ እንዳትጠረጥሩኝ።

ወደ ጎማው ልምጣ። መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የመንፊያው አፍ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ማውንቴን ሳይክሎች ቀጭኑ አፍ ነው ያላቸው፤ የጎሚስታው ቱቦ ደግሞ ለመኪና አፍ የተሠራ ነው። ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ አገላብጦ አየው፣ ጎረቤቱን ጠራው፣ እሱም አየው፣ ከዚያ “ይሄ የምን ነው?” ተባባሉ። መፍትሔው ጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ መቀያየሪያ ናት። ቀጭኑ አፍ ላይ ትጠመዘዛለች፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ጎሚስታና ነዳጅ ማደያ ሊነፋው ይችላል። ሁለት ያዙ፤ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም። ጎሚስታውን ደግሞ “እንደ መኪና እንዳትነፋው” በሉት። እኔ የምነዳው ከ25 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ባልበለጠ ነው፤ ጎማው ለስለስ ሲል ሥሩንም ድንጋዩንም ይነክሳል። ያለ ማስጠንቀቂያ ከተውከው 50 ያደርስልሃል፤ ከዚያማ ኮረኮንቹ ላይ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል።

ሁለተኛው ቀጋ ነው። እንጦጦን ሰው ባሕር ዛፍ ብቻ ያስመስለዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ተራራውን ስለወረሰው እውነታቸውን ነው። ግን ከቁጥቋጦው መሐል ቀጋና አጋም አለ፣ እሾሃቸውም መንገዱ ላይ ይረግፋል። በከመነዳሪ ስነዳ በየሳምንቱ ይተነፍስብኝ ነበር። ከዚያ ከመነዳሪውን አውጥቼ ወተት የመሰለውን ማሸጊያ ፈሳሽ ጨመርኩበት። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ለውጡ ሌላ ነው። ችግሩ ፈሳሹ በደረቁ ወራት ቶሎ ይደርቃል፤ በሁለት ሦስት ወር መጨመር አለበት። እዚህ ሱቅ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። እንደገና ወንድሜ።

አሞርዛተሩን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚያወራለት ያነሰ ነገር ነው የምለው። ይሠራል። የባሕር ዛፍ ሥርና ጉቶ ላይ እጄን አድኖልኛል። ዱባይ ላይ የተሞላው አየር እዚህ ሲደርስ በውጭው ግፊት መቀነስ የተነሳ ሦስት ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ጨምሮ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ከፍታ ላይ ሆናችሁ እንደገና አስተካክሉት። የካቲት ላይ አቧራው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዘንጎቹን በጨርቅ ጥረጉ፤ አለዚያ ማሸጊያው ይበላል። ለተሻለ አሞርዛተር ተጨማሪ ብር ታወጫለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አላወጣም።

መቀመጫው ለማን እንደተሠራ አላውቅም፤ ለእኔ አይደለም። ቀየርኩት።

በአንፃሩ ቅንጦት መስሎኝ የነበረው ነገር አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። መሪው ላይ ባለች ቁልፍ መቀመጫውን ዝቅ ከፍ የሚያደርገው ዘንግ። ከራጉኤል ጀርባ ባሉት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ስወርድ መቀመጫው ዝቅ ካላለ ወደ ፊት ልደፋ የምችል ነው የሚመስለኝ። ዝቅ ሲል ሰውነቴ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፍርሃቱም ግማሹ ይሄዳል። ደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ያቺ ክብ ፍሬው ከጎማ ሥር ስትንሸራተት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ይረዳኛል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ያለው የብስክሌት መንገድ ለዚህ ሳይክል ይቀለዋል። ለጀማሪ ግን እዚያ መጀመር ጥሩ ነው፤ ውሻም የለበትም። ውጭ ያሉት የእረኛ ውሾች ሲያዩኝ ምን እንደሚታያቸው እንጃ። ወርጄ ሳይክሉን በመሐላችን አድርጌ ስሄድ ይተዉኛል።

ትልቁ ጎማ ጥቅሙን በደንብ ያሳየኝ መናገሻ ሱባ ነው። ሳይክሎቻችንን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስረን ነው የሄድነው። ደኑ ጥንታዊ ነው፤ የአጼ ዘርዐ ያዕቆብን ዘመን ነው የሚጠቅሱለት። የጥድ ዛፉ ከላይ ይዘጋል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ መንገዱ ግን ድንጋይ ብቻ ነው። 29 ኢንቹ ትንሹ ጎማ የሚሰነቀርበትን ድንጋይ እየረገጠ ያልፋል። የሳይክሉ ክብደት የተሰማኝም እዚያ ነው። ወደ ወጨጫ ጫፍ የሚያወጣው መንገድ እየጠበበ ሲሄድ መሸከም ነበረብኝ፣ 14 ኪሎ ትከሻ ላይ ቀልድ አይደለም። ሌላ ቦታ ላይ ግን ክብደቱ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የሱሉልታ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኘው ጎማና ፍሬሙ መሐል ገብቶ ከሚጨምረው ኪሎ አንፃር የፋብሪካው ክብደት ምንም ነው። ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ማግስት ወደዚያ አትሂዱ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። 12ቱ ማርሽ።

ሲሠራ እጅግ ጥሩ ነው። ጠቅ ታደርጋለህ፣ ይገባል። ግን ሰንሰለቱ ቀጭን ነው፤ አቧራ ደግሞ አይወድም። ግንቦት ሲደርስ ስለካው መለወጫው ደርሷል። መርካቶን ዞርኩ። የ7 እና የ8 ማርሽ ሰንሰለት አለ፣ የፈለግከውን ያህል። የ12 ስል አንዱ ባለሱቅ “12 ደግሞ አለ እንዴ?” አለኝ። ሌላኛው “ይሆናል፣ ውሰጂው” ብሎ የ8 ሰንሰለት ሸጠልኝ፤ ቤት ደርሼ ሳየው እንኳን ሊገጥም ጥርሱ መሐል አይገባም። መልሰው አልተቀበሉኝም። ያረጀውን ሰንሰለት ዝም ብዬ ብነዳበት ደግሞ ጥርሶቹን ይበላቸዋል፤ ያኔ ወጪው እጥፍ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሰንሰለቱን በሞተር ዘይት ነው የሚያርሰው። አቧራ ባለበት አገር ያ ዘይት ትቢያውን ሰብስቦ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ደረቅ የሚባለውን የሰንሰለት ቅባት ተጠቀሙ፣ ከዚያ በፊት ግን ጥረጉት።

ስለዚህ ዛሬ እንደገና ብገዛ 12 ማርሽ አልገዛም። ከኋላ 8 ማርሽ ኖሮት ትልቁ 46 ጥርስ የሆነ አለ፤ ማይክሮሺፍት የሚባል ኩባንያ ይሠራዋል። ከፊት 30 ጥርስ ቢደረግለት ዳገቱ ላይ ከኔው እኩል ሊባል ይችላል። ሰንሰለቱ መርካቶ አለ። ፍሬሙን፣ የዘይት ፍሬኑን፣ 29 ጎማውንና የሚወርደውን መቀመጫ እንዳሉ እወስዳቸዋለሁ። አሞርዛተሩ ርካሹም ቢሆን አይከፋኝም።

እስከዚያው አልሸጠውም። ወንድሜ ነሐሴ ላይ ይመጣል፤ ሁለት ሰንሰለት፣ አራት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ማሸጊያ አዝዤዋለሁ። “ሻንጣዬ የሳይክል ጋራዥ ሆነ” እያለ ነው።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌላችሁ ይህን ዓይነት ሳይክል አትግዙ፤ ባለ 8 ማርሹን ፈልጉ። ቦሌ አካባቢ በኮሪደሩ የሳይክል መንገድ ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ማውንቴኑ ራሱ አያስፈልጋችሁም። ቀጠን ያለ ጎማ ያለው፣ አሞርዛተር የሌለው ተራ ሳይክል ይበቃችኋል፤ የተረፈውን ብር ለሄልሜትና ለማታ መብራት አድርጉት።