መቄዶንያ፦ መስጠት ለሚፈልግ ሰው ምን ያህል የተመቸ ነው?

የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲመዘን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለተረጂው ያደረገው ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ድርጅቱ በሕዝብ መዋጮ የሚተዳደር ከሆነ ሌላም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ጥቂት ብር ይዞ የመጣውን፣ ጉልበቱን ይዞ የመጣውን፣ የእናቱን ሙት ዓመት ሊዘክር ድስት ተሸክሞ የመጣውን ሰው እንዴት ይቀበለዋል? የሰጠው ነገር የት እንደሚደርስስ ምን ያህል ያሳየዋል? መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ለመገምገም የተነሣሁት ከዚህ ከሰጪው ወገን ነው።

ማዕከሉን በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት የክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ ናቸው። ሥራው የተጀመረው በወላጆቻቸው ቤት ሲሆን፣ በዚያ የተጠጉት ከጎዳና የተነሡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ዋናው ግቢ አዲስ አበባ አያት አካባቢ ይገኛል፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ በማዕከሉ ጥላ ሥር ያሉት ሰዎች ቁጥርም ከ7,000 አልፏል። ቁጥሩ ብቻውን ግን የሥራውን ክብደት አይገልጠውም። ሥራውን ከባድ ያደረገው ለመርዳት የተመረጡት ሰዎች ማንነት ነው። ከአልጋ መነሣት የማይችሉ፣ ራሳቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ስማቸውንና የመጡበትን አገር መናገር የማይችሉ፣ ዘመድ የሌላቸው ወይም ዘመድ የደከመባቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ ምርጫ ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበረ ለመረዳት የአእምሮ ሕክምናን ታሪክ በጥቂቱ ማስታወስ ይጠቅማል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሠርት ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ታማሚው በመድኃኒት ሲሻለው ከሆስፒታል መውጣቱ አይቀርም፤ የሚቀበለው ቤተሰብ ካለው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ሊኖር ይችላል፤ ከሌለው ግን ጎዳና ላይ ይወድቃል፣ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ሕመሙም ያገረሽበታል። አረጋውያኑም ቢሆኑ አብዛኞቹ በቀን ሥራ፣ በቤት ሠራተኝነትና በጉልት ንግድ ዕድሜያቸውን የጨረሱ በመሆናቸው የጡረታ አበል የሚባል ነገር አያውቁም። ልጅ የሌለው ወይም ልጁን የቀበረ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሲውል ማን ያጥበዋል? መቄዶንያ የገባው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ይህን በማድረጉም ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ወደ ሰጪው ስንመለስ፣ የማዕከሉ የመጀመሪያ ብርታት ትንሽ ስጦታን ማክበሩ ነው። በስልክ «ኦኬ» የሚለውን መልእክት ወደ 8161 የሚልክ ሰው ከስልክ ሒሳቡ በምትቀነስ አነስተኛ ገንዘብ የሥራው ተካፋይ ይሆናል። ከሀብታም ብቻ መለመን የለመደ አሠራር ባለበት አገር ተማሪው፣ ዘበኛውና የታክሲ ረዳቱ እኩል የሚሳተፉበት መንገድ መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የማዕከሉ መሪ ቃልም ሕዝብ ልብ ውስጥ የገባው በተግባር እንዲህ ያለ መንገድ ስለተበጀለት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ብርታት የግቢው በር ለጎብኚ ክፍት መሆኑ ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ሠርግ ሳይቀር እዚያ ይከበራል፤ አርባና ሙት ዓመት የሚያወጣ ቤተሰብም ለጎረቤት ሊደግስ ያሰበውን ለአረጋውያኑ ያደርገዋል፤ በረመዳን ኢፍጣር ይዘው የሚመጡም አሉ። እንግዳው ስጦታውን አስረክቦ የመሄድ ግዴታ የለበትም፤ ምግቡን ራሱ ያቀርባል፣ እጅ ያስታጥባል፣ አቅም የሌላቸውን ያጎርሳል። በዚህም ምክንያት ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ገንዘብን በባንክ ብቻ ከሚቀበሉ ድርጅቶች መቄዶንያን የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው እላለሁ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት ያየሁትን ልጥቀስ። በግድግዳው ጥግ ፀሐይ ከሚሞቁት አረጋውያን መካከል አንድ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ አባት ነበሩ። ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ የሚመስል በጎ ፈቃደኛ ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ በሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ይቆርጥ ነበር። ጥፍሩ ከመወፈሩ የተነሣ በቀላሉ የሚቆረጥ ስላልነበር ወጣቱ ደጋግሞ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» እያለ ይጠይቃቸዋል፤ እርሳቸውም በእያንዳንዱ ጊዜ «የለም ልጄ፣ እደግ፣ ተመንደግ» ይሉታል። ጥፍሩን ቆርጦ ሲጨርስ ጣቶቻቸውን በፎጣ አደረቀ፤ ቫዝሊን ቀባቸው፤ ካልሲያቸውን አለበሳቸው፤ ከዚያም ሳፋውን ደፍቶ ወደሚቀጥሉት አዛውንት አለፈ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሚያገለግሉት መካከል ቀድሞ ራሳቸው ታምመው ገብተው የተሻላቸው ሰዎች መኖራቸውም ሊታወስ ይገባል። ሕመሙን ያየ ሰው ሌላውን ሲያስታምም ያለው ትዕግሥት ሥልጠና ብቻ የሚያመጣው አይደለም።

ለመስጠት የሚያስብ ሰው ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት በዝርዝር መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቅንነት የሚሰጥ ነገር ሁሉ እኩል አይጠቅምም። በበዓል ሰሞን ምግብ ይጎርፋል፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ኬክም እንዲሁ። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ላለባቸው አረጋውያን ግን ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በአንጻሩ ከዓመት እስከ ዓመት የማያቋርጠው ፍላጎት ለዓይን የማይስበው ነገር ነው፦ የአዋቂ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ በረኪና፣ የእጅ ጓንት፣ አንሶላና ብርድ ልብስ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ዳይፐር የሚቀየርለትን አንድ የአልጋ ቁራኛ አስቡና በመቶዎች አባዙት፤ ማዕከሉ ዳይፐር አምጡልን እያለ ደጋግሞ የሚማጸነው ለምን እንደሆነ ወዲያው ግልጽ ይሆናል። ዳይፐር ሲጎድል የሚመጣው የሰውነት መቁሰል ነው፤ የአልጋ ቁስል ደግሞ አቅም ያነሰውን አረጋዊ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ አንድ በግ ለማረድ ያሰበ ቤተሰብ የበጉን ዋጋ ለዳይፐር ቢያውለው ዝክሩ ያነሰ እንደማይሆን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ምግብ ለማቅረብ የቆረጠም ቢሆን አስቀድሞ ደውሎ ቀን ማስያዝና መጠየቅ አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የፍስክ ምግብ አይቀምሱም። በግቢው ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ስለሚኖሩ የሥጋ ነገር ሲነሣ የሁለቱም ወገን ሥርዓት መጠበቅ ይኖርበታል። በሬ አስጎትቶ የሚመጣ ባለጸጋ ይህን ካላሰበበት ከቀረበው ማዕድ ከፊሉ ሰው ሳይበላ ይውላል። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ አትክልትና ለስለስ ያለ እንጀራ ግን ጥርስ ለሌላቸውም፣ ለጾመኛውም፣ ለሁሉም ይሆናል። ከቤት የተረፈ መድኃኒት ይዞ መሄድንም አልመክርም፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ተለክቶ የሚሰጥና ክትትል የሚፈልግ በመሆኑ በገንዘብ መደገፉ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ቅር ወደሚያሰኘኝ ጉዳይ ልለፍ። ይህ ጉዳይ ማዕከሉን ሳይሆን እኛን ጎብኚዎችን የሚመለከት ነው። የሚያጎርሰውን ሰው ፊት በስልኩ ቀርጾ ለሕዝብ የሚያሰራጭ ጎብኚ በየትኛውም የመርጃ ተቋም የሚታይ ሆኗል። ሕመሙ ፈቃዱን ለመግለጽ የማያስችለው ሰው ምስሉ እንዲሰራጭ ተስማምቷል ሊባል አይችልም። ነገ ሲሻለው፣ ሥራ ሲፈልግ፣ ትዳር ሲመሠርት ያ ምስል ሊከተለው ይችላል። በእርግጥ መዋጮ የሚሰበሰበው ችግሩ ሲታይ ነው፤ መቄዶንያም በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በአመዛኙ በምስል ኃይል መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ችግሩን ማሳየትና የሰውን ፊት ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እጅን፣ አልጋን፣ የተደረደረ ብርድ ልብስን ማሳየት በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የገንዘብ አጠቃቀምን በተመለከተ ሰጪው ሕጉን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብንም ግዴታ ያደርጋል። እንግዲህ ስለ ሒሳብ መጠየቅ የሰጪው መብት እንጂ ክፉ ጥርጣሬ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሰይፉ ፋንታሁን አያት ላይ የተጀመረውን ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ለማስጨረስ በዩቲዩብ ቀንና ሌሊት ያካሄደው የቀጥታ ሥርጭት ከሀገር ውስጥና ከውጭ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አሰባስቧል። ሕዝቡ ምን ያህል እምነት እንደጣለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። እንዲህ ያለ እምነት በዚያው ልክ ዝርዝር መረጃ ይገባዋል። ሲሚንቶው፣ ብረቱና አሳንሰሩ ምን ያህል እንደፈጀ፣ ምን እንደቀረ፣ ማንም አንብቦ በሚረዳው ቀላል አማርኛ በየጊዜው ለሰጪው ቢነገር የበለጠ ያበረታዋል። ሕንፃው ለአረጋውያኑና ለሕሙማኑ መኖሪያና ሕክምና የታሰበ ነውና፣ ሲጠናቀቅ የሚያስፈልገው ዕለታዊ ወጪም አብሮ እንደሚያድግ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ የመብራቱን፣ የውሃውንና የነርሶቹን ደመወዝ የሚሸፍነው ግን የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሳይሆን ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ መዋጮ ነው።

ሁሉም ሰው ወደ መቄዶንያ ብቻ ይሂድ ማለቴ አይደለም። የወይዘሮ አበበች ጎበናን ስም የማያውቅ የለም፤ በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ረኃብ ካጠቃው የወሎ ምድር ሕፃናትን ይዘው የተመለሱት እኒህ እናት በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት በሕፃናት ክብካቤ ሥራው ቀጥሏል። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የሚመሩት ሜሪ ጆይ ኢትዮጵያም በየቤታቸው ላሉ አረጋውያንና ወላጅ ላጡ ሕፃናት የሚያደርገው ድጋፍ የታወቀ ነው። ልቡ ወደ ሕፃናት የሚያደላ ሰው ወደ እነዚህ ቢሄድ ተገቢ ነው። የሰው ገላ ማጠብ የማይከብደው፣ የሕመምን ጩኸት ሰምቶ የማይደነግጥ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ጊዜውን ሊሰጥ የሚችል ሰው ግን እንደ መቄዶንያ የሚያስፈልገው ቦታ ያገኛል ብዬ አላስብም፤ በተለይም ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ፀጉር አስተካካዮች በሳምንት ግማሽ ቀን ቢመድቡ የሚያደርጉት ለውጥ ከፍተኛ ነው።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓም ሆነ ከዓረብ አገሮች የሚላክ ስጦታ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በአዲስ አበባው ዋና ግቢ ላይ ነው፤ ካሜራውም፣ ታዋቂ ሰዎችም የሚሄዱት ወደዚያው ነውና። በክልል ከተሞች ያሉት ቅርንጫፎች ግን እንግዳ በብዛት አይጎበኛቸውም፤ አረጋውያኑና ሕሙማኑ ግን ያው የአልጋ ቁራኞች ናቸው። በተወለደበት ከተማ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ስጦታውን ለዚያ ቅርንጫፍ ብሎ ቢልክ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቹም ዳይፐሩንና ሳሙናውን ከአካባቢው ሱቅ ገዝተው ራሳቸው ቢያደርሱ፣ የመጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል፣ የከተማው ሰውም ወደ ግቢው የመግባት ልማድ ያዳብራል።