የአልፓካ ፀጉር፣ ክርና በእጅ የተሠራ እንዝርት፦ የአንድ የሜሪላንድ እርሻ ሱቅ ግምገማ

በሜሪላንድ ገጠር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሩቅ ባልሆነ ቦታ፣ አልፓካ የሚያረባ አንድ ቤተሰብ በእርሻው ግቢ ውስጥ የከፈተው ትንሽ ሱቅ አለ። ሱቁ በየዓመቱ ከእንስሳቱ የሚሸለተውን ጥሬ ፀጉር፣ በፋብሪካ ታጥቦና ተበጥሮ ለፈትል የተዘጋጀ አመልማሎ፣ የተፈተለ ክር፣ እንዲሁም አንድ የአካባቢው እንጨት ሠሪ በእጁ የሚያበጃቸውን እንዝርቶች፣ የክር መጠቅለያዎችና የኪሮሽ መርፌዎች ይሸጣል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ፈትል ለሚያውቁ፣ ወይም የእናቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን እጅ እያዩ አድገው አሁን ሊለምዱት ለሚፈልጉ ወገኖቼ ነው። ዕቃው ርካሽ ስላልሆነ የትኛው ለምን ሥራ እንደሚውል አስቀድሞ ለይቶ መግዛት ይገባል። የእኔ ፍርድ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሬ ፀጉሩና እንዝርቱ የተጠየቀላቸውን ዋጋ በሚገባ ያወጣሉ፤ ንጹሑ የአልፓካ ክር ግን ሹራብ ልሥራበት ብሎ ለሚገዛው ሰው አይሆንም።

አልፓካ የአንዲስ ተራሮች እንስሳ ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ቪኩኛ ከሚባለው የዱር እንስሳ ተላምዶ የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬም ከዓለም አልፓካ አብዛኛው የሚኖረው በፔሩ ደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእርባታ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሁዋካያ እና ሱሪ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ የሁዋካያ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎና ተነፋፍቶ ይቆማል፣ የሱሪው ደግሞ ረጅምና አብረቅራቂ ሆኖ በዘለላ በዘለላ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ እርሻ ያሉት ሁሉም ሁዋካያ ናቸው። ለጀማሪ ፈታይ የሚመቸውም እርሱ ነው፤ የሱሪ ፀጉር እጅግ ለስላሳና አንሸራታች ስለሆነ በቂ ጥምዝ ካልገባበት ከእጅ ያመልጣል።

ከሱቁ ዕቃዎች ሁሉ በቅድሚያ የማደንቀው ጥሬ ፀጉሩን ነው። እንስሳቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የበጋው ሙቀት ሳይበረታ በጸደይ ወራት ይሸለታሉ፤ ፀጉሩም በደረጃ ተለይቶ ውስጡን በሚያሳይ ከረጢት ይቀመጣል። ከጀርባና ከጎን የሚገኘው አንደኛ ደረጃ ነው፤ የአንገቱ ሁለተኛ ነው፤ የእግርና የሆዱ ሸካራና አጭር ስለሆነ ለትራስ መሙያ ወይም ለምንጣፍ ካልሆነ ለልብስ አይመከርም። በየከረጢቱ ላይ የእንስሳው ስም፣ ዕድሜውና የተሸለተበት ዓመት ተጽፎ ይታያል። አልፓካ እያረጀ ሲሄድ ፀጉሩ እየወፈረ ስለሚመጣ ዕድሜን መጻፉ ለገዢው ትልቅ እርዳታ ነው፤ ይህን የማያደርጉ ሻጮች ብዙ ናቸው።

እኔ የመረጥኩት የአንዲት ወጣት ሴት አልፓካ ዳማ ፀጉር ነበር። ከረጢቱ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው ከላይ ያለው፣ ፀሐይና አቧራ ያደበዘዘው ጫፉ ነው፤ በጣት ገለጥ ሲያደርጉት ግን ወደ ሥሩ ያለው ክፍል ጥቃቅን ሞገድ እየሠራ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለሙን ሳይቆጥብ ያሳያል። ከመካከሉ አንድ ዘለላ መዘዝኩና ሁለቱን ጫፎች በጣቶቼ ይዤ ጆሮዬ አጠገብ በድንገት ወጠርኩት። ጤነኛ ፀጉር እንደ ተመታ የክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ እንስሳው በታመመበት ወይም በተራበበት ወቅት የበቀለ ግን መሐሉ ላይ እየተንጣጣ ይበጠሳል። ከከረጢቱ የተለያየ ቦታ እየመዘዝኩ የሞከርኳቸው ዘለላዎች ሁሉ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥተዋል። ባለቤቷም ገዢዎች ይህን ፈተና ሱቁ ውስጥ እንዲያደርጉ ራሷ ታበረታታለች።

የመንዝን በግ ፀጉር የፈተለ ሰው ወዲያውኑ የሚያስተውለው ልዩነት ቅባቱ ነው። የበግ ሱፍ ላኖሊን የሚባል ቅባት በብዛት ስላለው በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ካልታጠበ ከእጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲታጠብም ከክብደቱ ብዙ ይቀንሳል። የአልፓካ ፀጉር ቅባት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ገዢው የሚከፍለው ከሞላ ጎደል ለፀጉሩ ብቻ ነው። ችግሩ አቧራው ነው። አልፓካ አፈር ላይ መንከባለል ይወዳል፤ የደረቀ ሣርና ብናኝ እስከ ፀጉሩ ሥር ድረስ ይገባል። ስለዚህ ፀጉሩን ከቤት ውጭ በሽቦ ወንፊት ላይ ዘርግቶ በደንብ ማራገፍ፣ ቀጥሎም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ሳያሹ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ማሸትና ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ማዛወር ፀጉሩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ አንዴ ከተያያዘ ደግሞ የሚፈታው የለም። በለስላሳው መካከል ወፈር ያሉ ቀጥ ያሉ ፀጉሮች ይገኛሉ፤ እነርሱን አንድ በአንድ መልቀም ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንገት ላይ የሚውል ነገር ለመሥራት ላሰበ ሰው ሊዘለል የማይገባ ሥራ ነው፤ ቆዳን የሚወጋው 30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማና ከዚያ በላይ የሚወፍረው ፀጉር ነውና።

በፋብሪካ የተዘጋጀው አመልማሎ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ንጹሕ ነው፣ በእኩል ተበጥሯል፤ ወፍራሞቹ ፀጉሮች ግን በሙሉ አልወጡለትም። ዋጋው ከጥሬው ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ይጨምራል። ማጠቢያ ቦታና ጊዜ ለሌለው፣ በአፓርታማ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል፤ የእጅ ማበጠሪያ ያለው ሰው ግን ጥሬውን ገዝቶ ቢያዘጋጅ የተሻለ ፈትል ያገኛል።

ወደ ክሩ ስመጣ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ይበዛል። ሱቁ ንጹሕ የአልፓካ ክር በተፈጥሮ ቀለሙ፣ ከነጭ ጀምሮ በቡላ፣ በዳማና በግራጫ በኩል እስከ ጥቁር ድረስ፣ ሳይነከር ይሸጣል። ቀለሞቹ እውነትም የሚያምሩ ናቸው፤ ክሩም ቆዳን አይከረክርም። ነገር ግን የአልፓካ ፀጉር የበግ ሱፍ ያለው የመለጠጥና መልሶ የመሰብሰብ ጠባይ የለውም። ክብደትም አለው። በዚህ ክር የተሠራ ሹራብ በራሱ ክብደት እየተጎተተ ይረዝማል፣ የእጅጌውና የወገቡ ጫፍ ላይ ያለው የተሸበሸበ ሥራ ደግሞ አንዴ ከሰፋ ወደ ቦታው አይመለስም። ትንሽ አራት ማዕዘን ናሙና ሠርቼ አጥቤ፣ ከታች መጠነኛ ክብደት አስሬ አንድ ሌሊት ሰቅዬው ነበር፤ ሲወርድ በርዝመቱ አድጎ በስፋቱ ጠቦ አገኘሁት። ሱቁ ግን ይህንኑ ክር በሹራብ ሥዕል አጅቦ ነው የሚያሳየው። ይህ ሊታረም ይገባል፤ ብዙ ሰዓት የፈሰሰበት ሥራ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሲበላሽ የሚከስረው ገዢው ብቻ ነው።

ያው ክር ለሻል፣ ለአንገት ልብስና ለአልጋ መደረቢያ ሲውል ግን ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል። የማይለጠጥና ከባድ መሆኑ ከትከሻ ላይ ረጋ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ሙቀቱም በዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ላይ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው ከላይ የሚደረብ ጥሩ ሻል ያወጣል። ሹራብ የግድ ካስፈለገ ሱቁ 70 በመቶ አልፓካና 30 በመቶ ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የተገኘ ሱፍ የተቀላቀለበት ክር አለው፤ ሜሪኖው የጎደለውን ጉልበት ስለሚሰጥ እርሱን እመክራለሁ።

እንዝርቱ ላይ ደግሞ መዘግየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሱቅ ጥሩ ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሠሪው የቼሪ፣ የሜፕልና የዋልነት እንጨት ይጠቀማል። ክቡ እንጨት ከላይ ነው፤ ዘንጉ ወደ ታች እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከአናቱ ላይ ክሩ የሚያዝበት ትንሽ የናስ ሜንጦ አለ። የገዛሁት የቼሪ እንጨት እንዝርት ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን፣ ክቡ እንጨት መሐሉ ስስ፣ ዳርዳሩ ወፈር ያለ ሆኖ ተፍቋል። ይህ ለውበት የተደረገ አይደለም። ክብደቱ ወደ ዳር ሲወጣ እንዝርቱ ዝግ ብሎ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ክብደቱ ወደ መሐል ሲሰበሰብ ፈጥኖ ይዞርና ቶሎ ይቆማል። ለአልፓካ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው። ሚዛኑን ለማየት ክር አስሬ አንጠልጥዬ አሽከረከርኩት፤ ዘንጉ ሳይወላገድ፣ የሜንጦው ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ እስኪመስል ድረስ ቀጥ ብሎ ዞረ። ብዙዎቹ በማሽን በብዛት የሚመረቱ እንዝርቶች ይህን ፈተና አያልፉም፤ ሲዞሩ ይንቀጠቀጣሉ፣ መንቀጥቀጡም ወደ ክሩ ይተላለፍና አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን ያደርገዋል።

በጥጥ ያደገ እጅ አልፓካን ሲጀምር መልመድ ያለበት ነገር አለ። የጥጥ ጭረት አጭር ነው፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በኃይል አሽከርክራ ብዙ ጥምዝ ካላስገባችበት ክሩ አይያያዝም። የአልፓካው ዘለላ ግን እኔ በገዛሁት ከረጢት ውስጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር። ረጅም ፀጉር ትንሽ ጥምዝ ይበቃዋል፤ በጥጥ ልማድ ከተከረረ ለስላሳነቱ ሁሉ ይጠፋና እንደ ሲባጎ የደረቀ ክር ይወጣል። ሁለቱ እጆችም ከጥጥ ፈትል ይልቅ መራራቅ አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፀጉሩ ርዝመት ካነሰ አንዱ እጅ የያዘውን ሌላው ስለሚይዘው አይሳብም። ይህን ያወቀች የአገራችን ፈታይ በዚህ እንዝርት ለመሥራት ብዙ አትቸገርም፤ እንዲያውም ክሩን አቅጥኖ እኩል አድርጎ የማውጣቱን ጥበብ አስቀድማ ስለያዘች ከሌላው ጀማሪ ፈጥና ትገኛለች። የፔሩ ሴቶችም ቢሆኑ እስከ ዛሬ በየመንገዱ እየሄዱ የሚፈትሉት ፑሽካ በሚሉት ቀላል የእንጨት እንዝርት ነው፤ በአሬኪፓ ከተማ ባሉ ፋብሪካዎችም ፀጉሩን በደረጃ የሚለዩት በጣታቸው ዳሰሳ ብቻ የሚሠሩ ልምድ ያላቸው ሴቶች ናቸው።

በእንዝርቱ ላይ ያለኝ አንድ ቅሬታ ሜንጦው ላይ ነው፤ ጫፉ በሚገባ ስላልተሞረደ ቀጭን ክር ሲፈተል እየያዘ ያበጥሳል። በቀጭን የአሸዋ ወረቀት ጥቂት ቢታሽ ይስተካከላል፤ ሆኖም ይህን ያህል የተደከመበት ዕቃ ሲሸጥ ተጠናቆ መምጣት ነበረበት። የኪሮሽ መርፌዎቹ ከአንገታቸው ላይ ስለሚወፍሩ ለዳንቴል አይሆኑም፣ ለወፍራም ክር ግን እጅ አያደክሙም። ባለ ሁለት መስቀል የክር መጠቅለያው ጠንካራ ነው፤ የሚነቃቀል ስለሆነም ቦታ አይፈጅም።

ስለ አገልግሎቱ ሁለት ነገር ልጨምር። ባለቤቷ ለጥያቄ ሁሉ ጊዜ ትሰጣለች፤ የእያንዳንዱን እንስሳ የጤና ታሪክና አመጋገብ አስታውሳ ትናገራለች። ነገር ግን የፀጉሩ ውፍረት በማይክሮን ተለክቶ አልተጻፈም። በፔሩ የምደባ ደረጃ እስከ 23 ማይክሮን ያለው ምርጥ ሲባል ከ31.5 በላይ ያለው ሸካራ ይባላል፤ በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋም የጥቅምም ልዩነት ነው። እርሻዎች ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከው ማስለካት የተለመደ አሠራር ስለሆነ፣ የምርጡን ዋጋ የሚያስከፍል ሱቅ ውጤቱን በከረጢቱ ላይ ቢለጥፍ ገዢው በሻጭ ቃል ብቻ ከመተማመን ይድናል።

መሄድ ለሚያስብ ሰው የሚሻለው ጊዜ ሽለታው እንዳለቀ፣ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ዘግይቶ የሚሄድ የአንደኛ ደረጃውን ከረጢት ተሸጦ ያገኘዋል። ከዚያ በፊት በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ በዌስት ፍሬንድሺፕ በሚካሄደው የሜሪላንድ የበግና የሱፍ ፌስቲቫል ላይ ብዙ እንዝርት ሠሪዎች በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰቡ፣ የተለያየ ክብደት ያላቸውን እያሽከረከሩ አወዳድሮ መምጣት ይቻላል። ከዚህ ሱቅ እኔ ደግሜ የምገዛው ጥሬውን የጀርባ ፀጉር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ግን ሙሉ ከረጢት ሳይወስድ ጥቂት አስመዝኖ፣ ከእርሱ ጋር ከ30 ግራም ያልበለጠ እንዝርት ቢጨምር ይበቃዋል።