የትንሽ ከተማን ድምፅ በትልቅ ሠንጠረዥ ውስጥ ስፈልግ

በሁለት ምርጫዎች በምርጫ አስፈጻሚነት ሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ። ከዚያ ሥራ እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ማን እንዳሸነፈ አይደለም። ማታ ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ በመራጮች መዝገብ ላይ ፊርማ የሌለባቸውን ስሞች ስናይ «እኚህ እኮ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው»፣ «ይህች ልጅ ከተማውን ከለቀቀች ቆየች» ይባል ነበር። በማግስቱ ግን ወሬው ሁሉ «የዚህ ከተማ ሰው ለምርጫ ደንታ የለውም» የሚል ሆነ። የሙታኑና የሄዱት ዝምታ በቀሩት ላይ እንደ ስንፍና ተቆጠረባቸው። በጣም አዝኜ ነበር።

ዓለም አቀፍ የዴሞክራሲና የምርጫ ድጋፍ ተቋም በድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚያቀርበውን የመራጮች ተሳትፎ የመረጃ ቋት የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተና ዋና መሥሪያ ቤቱ በስቶክሆልም የሚገኝ ሲሆን፣ ቋቱ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተካሄዱ የፓርላማና የፕሬዚዳንት ምርጫዎችን በአገር በአገር ይዟል። ትልቁ ብቃቱ ለአንድ ምርጫ ሁለት መቶኛዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው፤ አንዱ ከተመዘገቡት መራጮች፣ ሌላው ለመምረጥ ዕድሜው ከደረሰው ሕዝብ የተሰላ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ በአንድ ከተማ 1,000 አዋቂዎች አሉ እንበል። የተመዘገቡት 600፣ የመረጡት 450 ናቸው። በመዝገቡ ከሄድን ተሳትፎው 75 በመቶ ነው፤ በአዋቂው ሕዝብ ከሄድን 45 በመቶ። አሁን የእኔን ዓይነት ከተማ ውሰዱ፦ መዝገቡ ላይ 1,000 ስም አለ፣ 300ው ሞተዋል ወይም ሄደዋል፣ 490 ሰው መርጧል። ጋዜጣው 49 በመቶ ብሎ ይጽፋል፤ በቦታው ካሉት ውስጥ ግን 70 በመቶው ወጥቷል። ከአዋቂው ሕዝብ የሚሰላው መቶኛም ቢሆን ዜግነት የሌላቸውን ነዋሪዎች ጨምሮ ስለሚቆጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ቋቱ የዋጋ አልባ ድምፅ፣ ማለትም ባዶ የተመለሰ ወይም በትክክል ያልተሞላ ወረቀት፣ አምድም አለው። ተሰልፎ ገብቶ ወረቀቱን ባዶ የሚመልስ ሰው ከቤቱ ከቀረው ጋር አንድ አይደለም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መምረጥ ግዴታ መሆን አለመሆኑንም ያመለክታል። ይህ ምን ያህል እንደሚያመዝን አውስትራሊያ ታሳያለች፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ፣ በ1924 ግዴታው ከታወጀ በኋላ፣ በ1925 ከ91 በመቶ አለፈ። ቋቱ ከ1945 ስለሚጀምር ያንን ዝላይ እዚያ አታገኙትም።

ወደ ትንሽ ከተማ ስንወርድ ግን ሠንጠረዡ ያበቃል። መረጃው አገር አቀፍ ነው፤ ነዋሪዎች ወደ የትኛው ፓርቲ እንደሚያዘነብሉም አይነግራችሁም። ለዚያ የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ። እዚህ ላይ ደግሞ መቶኛን አትመኑ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ያለችው ዲክስቪል ኖች ድምፅ የምትሰጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አምስቱም መራጮች የዴሞክራቶቹን ዕጩ ባይደንን መረጡ፤ በ2024 ስድስት ሰዎች ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። በካርታ ላይ ከመቶ በመቶ ወደ 50 በመቶ የወረደ የዴሞክራቶች ድጋፍ ሆኖ ይታያል። መሬት ላይ ግን የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው።

ከላይ ወዳልኩት ምሳሌ ልመለስ። ከ450ው መራጮች 250ው ለአንድ ፓርቲ ቢሰጡ ካርታው ከተማውን በሙሉ በዚያ ፓርቲ ቀለም ይቀባዋል። ያ 250 ሰው ከአዋቂዎቹ ሩብ ነው። ያልመረጡት 550 ምን እንደሚያስቡ ማን ጠየቃቸው? አንድን ከተማ «የእነ እገሌ ነው» ብሎ መፈረጅ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ለመምህራን፣ ለጋዜጠኞችና ስለ ምርጫ ለሚጽፍ ሁሉ ይህን ቋት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የምመኘው ጭማሪ አንድ ነው፦ በዋናው ሠንጠረዥ ላይ፣ ከተመዝጋቢዎች ቁጥር አጠገብ፣ መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተጣራበት ዓመት።