በነፋስ ፊት፦ 308 ወይስ 6.5?

በኦሃዮ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር በሚገኘው ካምፕ ፔሪ፣ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢላማ ተኩስ ውድድር ይካሄዳል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ለተኳሾች ከባድ ፈተና ነው። ታዲያ ከሁለቱ የጠመንጃ ጥይት ዓይነቶች፣ ከ308 ዊንቸስተርና ከ6.5 ክሪድሞር፣ የትኛው ይሻላል?

በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ከጎን ሲመታው፣ የ308 ዊንቸስተር ጥይት 1000 ያርድ (914 ሜትር) እስኪደርስ ከ2 ሜትር በላይ ይገፋል። 6.5 ክሪድሞር ቀጭንና ረዘም ያለ ስለሆነ አየሩን በቀላሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ መገፋቱ በግልጽ ያንሳል። ተኳሹ የነፋሱን ፍጥነት በጥቂቱ ቢስት እንኳ ከኢላማው ብዙ አይርቅም። ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ትከሻ የሚመልሰው ርግጫም ለስለስ ስለሚል ጥይቱ ያረፈበትን በጠመንጃው መነጽር ለማየት ይመቻል። በዚህ በኩል 6.5 ያለጥርጥር ይበልጣል።

የ6.5 ጠመንጃ በርሜል (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) ግን ቶሎ ያልቃል፤ 3,000 ተኩስ አካባቢ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። የ308 ወደ 5,000 ይዘልቃል።

ሙቀት ሁለቱንም ይነካል፤ አየሩ ሲሞቅ ስለሚሳሳ ጥይቱ ከፍ ብሎ ይመታል።

ለውድድር 6.5ን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ግን 308ን አጥብቄ እመክራለሁ፦ ነፋስ ይበልጥ ስለሚገፋው፣ ነፋሱን ከባንዲራው መውለብለብና በሙቀት ከሚርገበገበው አየር ማንበብ ያልቻለ ሰው ስህተቱን ወዲያው ኢላማው ላይ ያየዋል።