ሦስት ትናንሽ አንበሶች፦ ከጥንቱ የግሪክ ብር የትኛውን ልግዛ?

የጥንት ግሪክ ሳንቲም ሊሰበስብ የሚነሣ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በአቴና ባለ ጉጉት ብር ላይ ነው። ዋጋውን ሲሰማ ግን ይመለሳል። እኔ ከትንንሾቹ ጀምሩ እላለሁ። የመረጥኋቸው ሦስቱ አንበሳ አለባቸው፤ አንበሳ በሳንቲም ላይ ለለመደ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆኑም።

በጣም ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ በዛሬዋ ቱርክ የነበረችው የሚሊጢን ነው፤ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ያስጠራባት ያችው ከተማ። ሳንቲሙ ግን ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ክብደቱ ከ1.2 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ጠገራ ብር 28 ግራም መሆኑን አስቡት። ከኋላው ኮከብ የሚመስል አበባ አለ። ችግሩ ብሩ ከማተሚያው ስለሚያንስ አንበሳው ብዙ ጊዜ አፍንጫው ወይም እግሩ ተቆርጦ መቅረቱ ነው። ዝርዝሩም ያለ አጉሊ መነጽር በደንብ አይታይም።

የእኔ ምርጫ የኬርሶኔሶስ ግማሽ ድራክማ ነው፤ ድራክማ የጥንት ግሪኮች የብር ገንዘብ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ዛሬ ጋሊፖሊ በሚባለው የቱርክ ልሳነ ምድር የተመታ ሲሆን ወደ 2.4 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንበሳው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። ሰብሳቢን የሚይዘው ግን ጀርባው ነው፦ በአራት የተከፈለ፣ ሁለቱ ክፍል ጎድጉዶ ሁለቱ ከፍ ያለ። በጎድጓዶቹ ውስጥ ነጥብ፣ ፊደል፣ የወይን ዘለላ ወይም ንብ ይገኛል። ምልክቱ ከሳንቲም ሳንቲም ስለሚለያይ አንድ የገዛ ሰው ሁለተኛውን መፈለጉ አይቀርም። በብዛት ስለተረፈም መልኩ ያልደበዘዘውን መርጦ መግዛት ይቻላል።

ታሪክ የሚፈልግ የታላቁ እስክንድርን ድራክማ ይግዛ። 4.3 ግራም ያህል ነው፤ ከፊቱ የአንበሳ ቆዳ የለበሰ ሄራክልስ፣ ከኋላው ንስር በእጁ ይዞ የተቀመጠ ዜውስ አለ። «የእስክንድር» የሚለው የግሪክኛ ጽሑፍም ይነበባል። ሆኖም ብዙዎቹ የተመቱት እርሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ከሞተ በኋላ ነው፤ «በሕይወቱ ዘመን የተሠራ» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ ምልክት አሳይቶ ያስረዳ።

የትኛውንም ስትገዙ ክብደቱን በሚዛን አረጋግጡ፤ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ ገጹ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ካያችሁ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ዝገት ብቅ ካለ ደግሞ ከውስጥ መዳብ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማጭበርበር የጥንቶቹም ያውቁበት ነበር። ቱርክ ጥንታዊ ሳንቲም ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ስለምትከለክል ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የቆየ ደረሰኝ ጠይቁ።