የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች ማየት ከፈለጋችሁ ከ"ጤዛ" ጀምሩ

"የዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን ፊልም ከየትኛው ልጀምር?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ "ጤዛ" ነው። ብዙ ሰው "ሳንኮፋ" ይላል። እሱም አያስከፋም። ግን አማርኛ ለሚሰማ ሰው "ጤዛ" ሌላ ነው። ከታች የሚሄደውን ጽሑፍ ሳታነቡ የጎንደር ገጠር እናት ልጇን ስታባብል ትሰማላችሁ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንበርብር ጀርመን ሄዶ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በ1990 ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው ኃይሌ ቶሎ አይነግረንም። ሌሊት ሌሊት ይቃዣል። ውጭ ደግሞ የደርግ ወታደሮች ጎረምሶችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ትዝታው እየቆራረጠ ወደ ኮሎኝ የተማሪነት ዘመን፣ ከዚያም ጓደኛው ተስፋዬ ወደተገደለበት አዲስ አበባ ይወስደናል።

መንደሩ እንደሚያደርገው አንበርብርን ጠበል ይወስዱታል። ይህን ክፍል ከእናቴ ጋር ነበር ያየሁት። እናቴ ጠበል አጥብቃ የምታምን ሴት ናት። እዚያ ላይ ስትደርስ ግን "ምን መንፈስ አለበት፣ ያየው ነገር ነው እንጂ" አለች። ኃይሌም ጠበሉ ላይ አይቀልድም፤ ግን ፈውሱን እዚያ አያስቀምጠውም። አንበርብር ቀስ በቀስ የሚድነው ረስቶ ሳይሆን አስታውሶ ነው። የሚያነሳውም ሰው ነው፦ እናቱ፣ መንደሩ ያገለላት አዛኑ፣ በመጨረሻም የሚያስተምራቸው ልጆች።

ሌሎቹን ፊልሞቹን ደግሜ ሳይ ያስተዋልኩት ይህንኑ ነው። ኃይሌ መከራ ሰውን ያጠራል ብሎ አያምንም። "ሳንኮፋ" ላይ (1993) ጆ የሚባለውን ተመልከቱት። ኑኑ የምትባለው ባሪያ ተደፍራ የወለደችው ልጅ ነው። ቄሱ ያሳደሩበትን ሃይማኖት ይዞ የገዛ እናቱን እንደ ሰይጣን ያያታል፤ በመጨረሻም በእጁ ትሞታለች። መከራው ሰበረው እንጂ አላነጻውም። ይህን ክፍል ደፍሬ ሁለተኛ አላየሁትም። ሞና ደግሞ ጋና ውስጥ ኬፕ ኮስት የባሪያ ንግድ ግንብ ላይ ፎቶ ለመነሳት የመጣች ሞዴል ናት። ድንገት ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና ሸንኮራ እርሻ ላይ ትገኛለች። ተመልሳ ስትወጣ ፎቶ አንሺው ጋ አትሄድም። መዳን ለኃይሌ እንዲህ ነው፤ ከየት እንደመጡ ሳያዩ አይገኝም።

"ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" (1976) ግን ይህን ያህል እንኳ አያጽናናም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ባላባት፣ ጭሰኛ፣ እንደ እብድ የሚታየው ከበበ። እውነቱን የሚናገረው እብዱ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው አልመክረውም፤ ከደከማችሁ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት።

አሁን ቅሬታዬ። "ጤዛ" ጀርመን ላይ ሲደርስ ወሬ ይበዛዋል። ተማሪዎቹ ሲከራከሩ በራሪ ወረቀት የሚያነቡ ይመስላሉ። እርግጥ የዚያ ትውልድ ሰዎች እንዲያ ነው የሚያወሩት፤ አጎቴ ዛሬም ምሳ ላይ "ኢምፔሪያሊዝም" ሳይል አይነሳም። የባሰው ግን አዛኑ ናት። የአንበርብር ቅዠት በየደቂቃው ይታየናል። የሷ ቅዠት የት አለ? እሷም የተሰበረች ሰው ናት። ፊልሙ እሱን እንድታድን አደረጋት እንጂ እሷን ማን እንደሚያድናት ብዙ አልተጨነቀም። "ቡሽ ማማ" በሚባለው ፊልሙ ላይ ዶሮቲ የምትባለውን ሴት መሃል አስቀምጦ፣ በመጨረሻ ዊጓን አውልቃ በራሷ ፀጉር ስትቆም ያሳየን ሰው ስለሆነ ነው ይህን የምጠይቀው።

ሆኖም "ጤዛ" የተሸለመው ያለምክንያት አይደለም። ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ። በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ደግሞ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት አገኘ። ሙዚቃው ላይ የጆርጋ መስፍን እጅ አለበት፤ ለሱ ብቻ ደግማችሁ ብትሰሙት አትቆጩም።

"ሳንኮፋ" ሲወጣ አከፋፋዮች አንፈልግም ብለውት ነበር። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባልና ሚስቱ የከፈቱት "ሳንኮፋ" የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር አለ፤ ካፌም አለው። መጀመሪያ "ጤዛ"ን ጠይቁ። "ምርት"ን የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልክ ተዘግቶ እዩት።