ባለ 21 ማርሽ ወይስ ባለ 9? ለአዲስ አበባ ዳገት ማውንቴን ሳይክል ስትመርጡ

መርካቶም ሆነ ፒያሳ ማውንቴን ሳይክል ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ቁጥር 21 ነው። «ወንድሜ፣ 21 ማርሽ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይላል ሻጩ። አጠገቡ ባለ 9 ማርሽ ቆሟል። ዋጋ ስትጠይቁ ግን የሚወደደው እሱ ነው። ማርሹ ሲቀንስ ዋጋው እንዴት ይጨምራል?

የማርሽ ብዛት ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። 21 ማለት ባለ ጥርስ ክብ ብረቶቹ ፊት 3፣ ኋላ 7 ሆነው ሲባዛ የሚመጣ ነው። ከ21ዱ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይደጋገማሉ። ፊትም ኋላም በትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን ደግሞ ካቴናው ክፉኛ ስለሚጣመም ያንን ማርሽ ባትጠቀሙበት ይሻላል። ሁለቱም በትንሹ ላይ ሲሆንም ያው ነው።

ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ። ከፔዳሉ ጋር ከሚዞሩት ክብ ብረቶች ትንሹ ስንት ጥርስ አለው? ከኋላ ጎማ ላይ ካሉት ትልቁስ? የፊቱን ለኋላው አካፍሉት። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ዳገት ይቀልላችኋል። 24 ለ28 ሲካፈል 0.86 ነው። 22 ለ34 ደግሞ 0.65። ሁለቱም «ባለ ብዙ ማርሽ» ይባላሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን አንዱ እየተነዳ ሲወጣ ሌላው በእጅ ይገፋል።

ዳገት ዳገት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ 4 ኪሎ፣ ከ6 ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም፣ የትም ብትሄዱ መውጣት አለ። መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 3,000 ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ አገር የሚነዳ ፈረንጅ «32 ለ42 ይበቃል» ቢል ለራሱ ልክ ነው። እናንተ ግን እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ከዚያ የቀለለ ያስፈልጋችኋል። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ከ0.8 በታች፣ እንጦጦ ለሚወጣ 0.7 እና ከዚያ በታች። ጉልበተኛው ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ።

በብዛት የምታገኟቸው ዓይነቶች ቀላሉና ከባዱ ማርሻቸው ሲሰላ ይህን ይመስላል (በቅንፍ ያሉት የፊትና የኋላ ጥርስ ብዛት ናቸው)፦

ፊት 3፣ ኋላ 7 (42/34/24፣ ከ14 እስከ 28)፦ ከ0.86 እስከ 3.0
ፊት 3፣ ኋላ 8 (42/32/22፣ ከ11 እስከ 34)፦ ከ0.65 እስከ 3.8
ፊት 2፣ ኋላ 9 (36/22፣ ከ11 እስከ 36)፦ ከ0.61 እስከ 3.3
ፊት 1፣ ኋላ 9 (32፣ ከ11 እስከ 42)፦ ከ0.76 እስከ 2.9
ፊት 1፣ ኋላ 12 (32፣ ከ10 እስከ 51)፦ ከ0.63 እስከ 3.2

አንድ ማስተካከያ አለ። ባለ 29 ኢንች ጎማ ከባለ 26 ኢንች ጎማ በአንድ ዙር 11 በመቶ ያህል ይበልጣል። 22 ለ34 በ26 ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 1.34 ሜትር ያስኬዳል። በ29 ጎማ ግን 1.49 ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ ሲረዝም ዳገቱም ይከብዳል። አዲስና ያገለገለ ሳይክል ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ፤ ያገለገለው ብዙ ጊዜ ባለ 26 ነው።

አሁን ወደ 21ዱ እንመለስ። በርካሽ የሚሸጠው ሳይክል ትልቁ ችግር የማርሹ ቁጥር ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የኋላ ጥርሶቹ ፍሪዊል የሚባለው ዓይነት ናቸው። ፍሪዊል በጎማው መሃል ላይ በጥርስ ይታሰራል። የቀኝ በኩል ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ የመሃል ዘንጉ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ጉድጓድ ስትዘሉ፣ ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጩ፣ የሚጣመመው ወይም የሚሰበረው በዚያ በኩል ነው። ካሴት በሚባለው ሌላው ዓይነት ላይ ግን ኩሽኔታው ጫፍ ድረስ ስለሚወጣ ዘንጉ ይበረታል።

ሁለቱን ለመለየት መፍታት አያስፈልግም። የኋላ ጥርሶቹን በእጃችሁ ወደ ኋላ አሽከርክሩና መሃል ላይ መፍቻ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ጥርሶቹ ሲዞሩ እሱ ከቆመ ፍሪዊል ነው። ሻጩ «ያው አንድ ናቸው» ካለ አንድ አይደሉም።

በ21ዱ ላይ ሌላ የማልወደው ነገር አለ። የፊት ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ በሪቬት የተያያዙ እንጂ በቡሎን የታሰሩ አይደሉም። አንዱ ሲያልቅ ሙሉውን ክራንክ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ከነጥርሶቹ፣ ትጥላላችሁ። ይሁንና በጀቱ ከዚህ በላይ ካላስኬደ፣ ከቦሌ መስቀል አደባባይ ዓይነት መንገድ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት፣ ያገለግላል። ዳገት ካለባችሁ ደግሞ የኋላውን ከ14 እስከ 34 ባለው ፍሪዊል አስቀይሩት። 24 ለ34 ሲካፈል 0.71 ይሆናል። መጀመሪያ ግን የኋላ ማርሽ ቀያሪው 34 ጥርስ መሸከም መቻሉን አረጋግጡ፤ ካቴናውም ሊረዝም ይገባል።

ፊት 3፣ ኋላ 8 ዛሬ ፋሽኑ አልፎበታል ይባላል። እኔ ግን ለዚህ ከተማ ገና አልፎበታል አልልም። 22ትና 34 ጥርስ ያለው ሳይክል እንጦጦን ያስወጣል። ሜዳ ላይም 42ቱ እንደ ልብ ያስኬዳል። የባለ 8 (ኋላው 8 የሆነ) ካቴና ከባለ 6 እና ባለ 7 ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የትም ሰፈር ይገኛል፣ ርካሽም ነው። ማንኛውም ሳይክል ሠራተኛ በካቻቢቴ ያስተካክለዋል። ከአውሮፓ ያገለገለ ከሚመጣው ውስጥ የጃፓኑ አምራች የሺማኖ ደህና ዕቃ ያለው ባለ 8 ወይም ባለ 9 ካገኛችሁ፣ በእኔ እይታ ከአዲሱ ባለ 21 እጅግ ይሻላል።

ጣጣው የፊት ማርሽ ቀያሪው ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ይሞላዋል። ካቦው ይዝግና ከ32 ወደ 22 አልወርድ ይላል፤ ያውም ዳገቱ መሃል ላይ። እዚያ ቆማችሁ ስትታገሉ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል። ዳገቱ ሳይጀምር ቀድሞ መቀየርን የግድ ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል። ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጡ ማርሽ መቀየር ካቴና ይበጥሳል።

ፊት 2 ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥሩ ከሁሉም ያምራል፤ 0.61 ቀልድ አይደለም። ነገር ግን አምራቾች ፊታቸውን ወደ ባለ አንዱ አዙረዋል። የባለ ሁለቱን የፊት መለዋወጫ መፈለግ ያደክማል። ደህና ዋጋ ከቀረበላችሁ ግዙ፣ ብላችሁ ግን አትፈልጉት።

ባለ አንድ የፊት ጥርስ ከየት መጣ? ስራም (SRAM) የተባለው የሳይክል ዕቃ አምራች በ2012 ፊት 1፣ ኋላ 11 የሆነውን፣ ከ10 እስከ 42 ጥርስ ያለውን ዕቃ ለማውንቴን ሳይክል አወጣ። በ2016 ኋላው 12 ሆነና ትልቁ ጥርስ 50 ደረሰ። ሺማኖም ተከተለና 51 አደረገው። የፊት ቀያሪ ቀረ፣ አንድ ካቦ ቀረ፣ የግራ እጅ ሥራ ፈታ። ካቴናው እንዳይወልቅ የፊቱ ጥርሶች አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ እየሆኑ ተሠሩ። የኋላው ቀያሪ ውስጥ ደግሞ ፍሪሲዮን ገባበትና ካቴናው መወናጨፉን ተወ። ኮብልስቶን ባለበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ፍሪሲዮን ብቻውን ገንዘብ ያወጣል። ሳይክሉን በእጃችሁ ያዙና የኋላ ቀያሪውን ወደ ፊት ግፉት። ጠጠር ብሎ ከመጣ ፍሪሲዮን አለው። ላላ ብሎ ከመጣ ሞላ ብቻ ነው።

ባለ 12 ልግዛ ወይ? መንዳቱ ደስ ይላል። ጥገናው ግን ኪስ ይጎዳል። የባለ 12 ካሴትና ካቴና ዋጋ አይቀመስም፤ አንዳንዱን ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ካላመጣላችሁ አታገኙትም። ካቴናው ቀጭን፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጠባብ ስለሆነ ቀያሪው ትንሽ ሲጣመም ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል። ከ10 የሚጀምር ካሴት ደግሞ በተለመደው የሺማኖ መቀመጫ (ካሴቱ የሚሰካበት የኋላ ጎማው መሃል ክፍል) ላይ አይገባም። ማይክሮ ስፕላይን ወይም ኤክስዲ የሚባል ሌላ መቀመጫ ይፈልጋል። ጎማችሁ ይህ መቀመጫ ካለው ካሴቱ ሲያልቅ መርካቶ ባገኛችሁት መተካት አትችሉም። ከ11 የሚጀምር ባለ 8፣ ባለ 9፣ ባለ 10፣ የማውንቴን ባለ 11 ሳይቀር በዚያው በተለመደው መቀመጫ ላይ ይገባል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ከ10 ይልቅ ከ11 የሚጀምረውን ምረጡ።

ለዚህ ነው ባለ 9 ወይም ባለ 10 ሆኖ ፊት 1 የሆነውን የማስበልጠው። ማይክሮሺፍት የተባለው አምራች አድቬንት የሚለው ዕቃ ከ11 እስከ 42 አለው፣ ፍሪሲዮንም አለው። ኩዌስ (CUES) የተባለው የሺማኖ ዕቃ በ2023 የወጣ ነው፤ ባለ 9ኙ ከ11 እስከ 46 ይደርሳል። የኩዌስ ጥርስ ወፍራምና ዕድሜ እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ኩዌስን ከድሮው የሺማኖ ባለ 9 ዕቃ ጋር ማቀላቀል አይቻልም። ሠራተኛው «9 በ9 ነው፣ ይሄዳል» ቢል እሺ አትበሉ፤ ማርሹ ቦታውን አይዝም።

ፊት 1 ሲሆን ፍጥነት ያንሳል የሚል ስጋት እሰማለሁ። 32 ለ11 በ29 ጎማ፣ በደቂቃ 90 ዙር እየረገጣችሁ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ በላይ የት ልትሄዱ ነው? እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ፍሬን እንጂ ፔዳል አይደለም።

ያገለገለ ከገዛችሁ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ካቴናው ላይ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ ከእሱ ቀጥሎ ካለው ሲቆጠር 24ኛ እስከሆነው ፒን መሃል ድረስ ለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 307 ከደረሰ አልቋል፤ ለባለ 11 እና ባለ 12 ደግሞ 306 ላይ ይቀየር። ካቴናው ካለቀ የኋላ ጥርሶቹም አብረው አልቀው ሊሆን ስለሚችል ዋጋ ስትከራከሩ የካሴቱንም ዋጋ ቀንሱ። ከዚያ ከሳይክሉ ኋላ ቁጭ በሉና የቀያሪውን ሁለት ትናንሽ ጎማዎች እዩ። ከካሴቱ ጋር ቀጥ ብለው ካልተሰለፉ ቀያሪው የተንጠለጠለበት ትንሽ አሉሚኒየም ተጣሟል። ያ ዕቃ ሳይክል በወደቀ ቁጥር የሚጣመም፣ ከፍሬም ፍሬም የሚለያይ፣ በኋላ ቢፈልጉት የማይገኝ ነው። አዲስ ስትገዙ ሁለት መለዋወጫ አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ከሰጣችሁ በውሉ ላይ ደስ ይበላችሁ።

ፊት 1፣ ባለ 32 ገዝታችሁ ዳገቱ ከከበዳችሁ ሙሉውን ዕቃ ለመቀየር አትሯሯጡ። የፊቱን ጥርስ ብቻ በ30 ተኩት። 30 ለ42 0.71፣ 30 ለ46 ደግሞ 0.65 ይሆናል፤ በሁሉም ማርሽ ላይ እኩል ይቀልላችኋል። በአራት ቡሎን በሚታሰረው ባለ 104 ሚሊሜትር ክራንክ (ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው) ላይ ከ30 በታች አይገባም። ቡሎን የሌለው፣ በቀጥታ ክራንኩ ላይ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ግን 28ም ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ክራንኩን ፎቶ አንሡና ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል «የማውንቴን ነው» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ በእጁ ያለውን ነው።